ከባሕሩ ቅርብ፣ ከሰው ራቅ ያለ ቤት፦ በፑሊያ ገጠር ቪላ ለሚከራዩ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በደቡብ ጣሊያን፣ ከባሪ እስከ ብሪንዲሲ ባለው የፑሊያ ገጠር ቤት ተከራይተው ለመሰባሰብ ካሰቡ ቤተሰቦች የመጡ ናቸው። ሁሉም ስለ መዋኛ ገንዳውና ስለ ክፍሎቹ ብዛት ጠይቀዋል። ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ ቆጣሪው ስንት ኪሎዋት እንደሚሸከም፣ የመጨረሻው ኪሎ ሜትር ምን ዓይነት መንገድ እንደሆነ የጠየቀ ግን የለም ማለት ይቻላል። ጭር ያለ ቤት የሚያስደስተውም የሚያስመርረውም በእነዚህ ስለሆነ፣ ያልተጠየቅነውንም ጨምረን መልሰናል። ወሮቹና ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ከጀርመን፣ ከስዊድንና ከለንደን የምንሰባሰብ 11 ሰዎች ነን፤ አራቱ ልጆች ናቸው። በኦገስት ለሁለት ሳምንት ልጆች እንደልብ የሚሯሯጡበት፣ ጎረቤት የማያይበት ቤት እንፈልጋለን። ያገኘነው ማስታወቂያ «ከባሕር 10 ደቂቃ» ይላል። ይታመናል? (ከሽቱትጋርት)

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን የትኛው ባሕር፣ በስንት ሰዓት የሚለውን አይነግራችሁም። በማርች ማለዳ 10 ደቂቃ የሚፈጀው መንገድ በኦገስት እሑድ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ግማሽ ሰዓት ይሆናል፤ መኪና ማቆሚያ መፈለጉ ሲታከልበት ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። ደግሞም 10 ደቂቃው የተለካው ልጅ ሊገባበት ወደማይችል ዓለታማ ዳርቻ ሊሆን ይችላል።

የአካባቢውን መሬት ማወቅ ከማስታወቂያው በላይ ይጠቅማችኋል። ከባሕሩ ጀምሮ ወደ ውስጥ መጀመሪያ የሚገኘው ሜዳ ነው፤ ከፋዛኖ እስከ ኦስቱኒና ካሮቪኞ የተዘረጋው፣ ብዙ መቶ ዓመት ያስቆጠሩ የወይራ ዛፎች የሞሉበት። ከሜዳው በላይ ኦስቱኒ ከ200 ሜትር ጥቂት ከፍ ብላ በኮረብታ ላይ ትታያለች። ከዚያ ወደ ውስጥ የኢትሪያ ሸለቆ ይቀጥላል፤ ሎኮሮቶንዶ፣ ማርቲና ፍራንካና አልቤሮቤሎ ያሉበት፣ ከፍታው 400 ሜትር ያለፈ። ሸለቆው ሌሊት ቀዝቀዝ ስለሚል ለእንቅልፍ ይመረጣል፤ ከዚያ ወደ ባሕር ለመውረድ ግን ከ25 እስከ 40 ደቂቃ ይፈጃል። ልጆች በየቀኑ ባሕር እንዲገቡ ከፈለጋችሁ ቤቱን ሜዳው ላይ ፈልጉ። ዕቅዳችሁ በሳምንት ሁለቴ ባሕር፣ የቀረውን ጊዜ ቤት ከሆነ ሸለቆው ይሻላል።

ሜዳውም እንከን አለው። የባሪና የብሪንዲሲ የባቡር ሐዲድ እንዲሁም ኤስ ኤስ 379 የሚባለው ፈጣን መንገድ የሚያልፉት በዚያው ነው። ፎቶ ላይ ድምፅ አይታይምና፣ ቤቱን በሳተላይት ካርታ ላይ ፈልጉና ከሁለቱም ቢያንስ አንድ ኪሎ ሜትር መራቁን አረጋግጡ። ባለቤቱ ሙሉ አድራሻውን ከክፍያ በፊት ላይሰጣችሁ ይችላል፤ የ«ኮንትራዳ»ውን ስም ግን አይከለክላችሁም። ኮንትራዳ እንደ እኛ የሰፈር ስም ነው፤ በገጠሩ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ብዙ ቦታ የለም። ካርታው ላይ ከኮንትራዳው እስከ አንድ የታወቀ ዳርቻ ድረስ፣ መነሻ ሰዓቱን እሑድ ረፋድ አድርጋችሁ ለኩ።

ስለ ዳርቻው፦ በኦስቱኒ በኩል ያለው ጠረፍ ዝቅ ያለ ዓለት ሆኖ መሃል መሃሉ ላይ ትንንሽ አሸዋማ ወሽመጦች አሉት፤ ኮስታ ሜርላታ ለምሳሌ እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ የውሃ ጫማ ያዙ። ረዘም ያለ አሸዋ የሚገኘው በቶሬ ካኔ በኩል ነው። ከ1991 ጀምሮ ጥብቅ የባሕር ክልል የሆነው ቶሬ ጓቼቶ ከሁሉም ንጹሕ ነው፤ ግን መኪና ራቅ ብሎ ቆሞ ቀሪው በእግር ወይም በማመላለሻ ነውና ጃንጥላና ማቀዝቀዣ ሳጥን ለተሸከመ ሰው ይከብዳል። ትራሞንታና የሚሉት የሰሜን ነፋስ በነፈሰ ቀን የአድሪያቲክ ዳርቻ ሁሉ ይናወጣል። ያን ቀን አንድ ሰዓት ያህል ነድታችሁ በማዶ ወዳለው የኢዮኒያን ጠረፍ ብትሄዱ ባሕሩ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። በጠባቂ በሚጠበቅ ዳርቻ ላይ ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ማንም አይግባ።

ጥያቄ፦ እናቴ 78 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። ትሩሎ የሚባለው ሾጣጣ ቤት በጣም አምሮናል። ለእሷ ይሆናል? (ከቦሎኛ)

መልስ፦ አንድ ሌሊት ለማደር ይሆናል፤ ለሁለት ሳምንት አንመክርም። ትሩሎ ጣሪያው እንደ ጎጆ የሾለ ይሁን እንጂ ያለ ጭቃ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተደረደረ የወጣ ካብ ነው። የአልቤሮቤሎዎቹ በ1996 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈሩት በዚህ አሠራራቸው ነው። ግድግዳው አንድ ሜትር ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ስለሚወፍር ቀን ቀን ያቀዘቅዛል። ይህ ውፍረት ጣጣም አለው፦ መስኮቱ ጠባብ ነው፣ እርጥበት ይይዛል፣ ዋይፋይ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው አያልፍም፤ ሙቀቱ ለተከታታይ ቀናት ከበረታ ደግሞ ድንጋዩ ሙቀቱን ይዞ ሌሊት ይለቃል።

ለእናትዎ ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው። እያንዳንዱ ሾጣጣ አንድ ክፍል ስለሆነ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚታለፈው በክፍሉ ውስጥ ነው፤ አንዳንዱ መኝታ በር የለውም፣ መጋረጃ ብቻ ነው ያለው። በሌሊት ወደ መታጠቢያ የሚሄድ ሰው በእናትዎ አልጋ አጠገብ ያልፋል። ወለሎቹም እኩል አይደሉም፤ በየደፉ አንድ ወይም ሁለት እርከን አለ። ቁመተ ረጅም ሰውም በሩ ላይ ጎንበስ ይላል።

ላሚያ የሚባለውን ጣሪያው ጠፍጣፋ፣ ውስጡ ቅስት የሆነውን ቤት ወይም ማሴሪያን፣ ማለትም የጥንት ትልቅ የእርሻ ግቢን፣ ፈልጉ። ባለቤቱን «መኝታ፣ መታጠቢያና ማድ ቤት ያለ ደረጃ በአንድ ወለል አሉ?» ብለው ይጠይቁ፤ የወለሉን ንድፍም በእጅ ሥሎ እንዲልክ ያድርጉ። የሻወሩ ደፍ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነም ይጠይቁ። ከ15 በላይ ከሆነ ለታመመ ጉልበት ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ የቤቱ ባለቤት 30 በመቶ በባንክ እንድንልክለት ይፈልጋል። የሌለ ቤት እንዳይሆን ሰጋን። (ከዬተቦሪ)

መልስ፦ 30 በመቶ የተለመደ ነው። መጀመሪያ «ቺን» የሚባለውን ብሔራዊ መለያ ቁጥር ጠይቁ። ከጃንዋሪ 1፣ 2025 ጀምሮ በጣሊያን ለአጭር ጊዜ የሚከራይ ቤት ሁሉ ይህ ቁጥር ሊኖረው፣ በማስታወቂያውም ላይ ሊታይ ግዴታ ነው። የሌለው ባለቤት ከ800 እስከ 8,000 ዩሮ ይቀጣል። ቁጥሩ በቱሪዝም ሚኒስቴር የመረጃ ቋት ውስጥ ይፈተሻል፤ እዚያ የሚወጣው ከተማ ማስታወቂያው ካለው ጋር ካልገጠመ ተዉት። ቀጥሎ ባለቤቱ በቪዲዮ ጥሪ ከመግቢያው በር ጀምሮ ቤቱን እየዞረ ያሳያችሁ። የባንክ ሒሳቡ ስም ከውሉ ስም ከተለየ አትክፈሉ። ለማረጋጋት ተብሎ የሚላክ የፓስፖርት ፎቶ ማስረጃ አይደለም፤ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ውሉ ላይ አንዲት ቃል ፈልጉ። ክፍያው «ካፓራ ኮንፌርማቶሪያ» ከተባለ የእኛው ቀብድ ነው፦ በጣሊያን ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1385 መሠረት እናንተ ካፈረሳችሁ ገንዘቡ ይቀራል፤ ባለቤቱ ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግም ስለ ቀብድ በዚሁ መንገድ ይደነግጋል። «አኮንቶ» ከተባለ ግን ቅድመ ክፍያ ብቻ ነው፤ ባለቤቱ በኦገስት ዋዜማ የተሻለ ዋጋ አግኝቶ ቢሰርዛችሁ እጥፍ የሚያስከፍል አንቀጽ የላችሁም። ለቤተሰብ ጉዞ የአየር ቲኬት ከመግዛታችሁ በፊት ካፓራ የሚለው ቃል በውሉ ይግባ።

በቤቱ የሚያድር ሰው ሁሉ፣ ሕፃንም ቢሆን፣ ባለቤቱ በደረሳችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ያስመዘግበዋል። ስለዚህ ከሮም ለሁለት ሌሊት ብቅ የሚል ዘመድ ካለ አስቀድማችሁ አሳውቁ፤ ያለ ምዝገባ ማደሩ ባለቤቱን ያስቀጣል፣ የእናንተንም መያዣ ያስቆርጣል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዘው በብሪታንያ የመኖሪያ ፈቃድ ላላችሁ ደግሞ የሼንገን ቪዛ ያስፈልጋል፤ ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ጀምሮ ይቀርባል። የማረፊያ ማስረጃ የሚሆነው የኪራይ ውሉ ስለሆነ የሁላችሁም ስም በፓስፖርት እንደተጻፈው ይግባበት።

ጥያቄ፦ ምጣዳችንን ይዘን ብንሄድ መብራቱ ይችለዋል? ቡናም በከሰል ማፍላት እንፈልጋለን። (ከሚላኖ)

መልስ፦ ምጣዱን ቤት ተዉት። ምክንያቱን በቁጥር እናስረዳ።

የጣሊያን መኖሪያ ቤት የተለመደው የኤሌክትሪክ ውል 3 ኪሎዋት ነው፤ ቆጣሪው እስከ 3.3 ድረስ ይሸከማል። ከዚያ ጥቂት ቢያልፍ ይታገሣል፤ ከ4 በጣም ካለፈ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ራሱ ይቆርጣል። ተለቅ ያለው የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል። ማቀዝቀዣው፣ የገንዳው ፓምፕና አንድ ኤር ኮንዲሽነር ሲጨመሩ ከ5 ያልፋል። አደጋው መጥፋቱ ብቻ አይደለም። ከግድግዳ ሶኬቶች ብዙዎቹ 10 አምፔር ናቸው፤ ይህ 2.3 ኪሎዋት ማለት ነው። ምጣድ በአስማሚ ተሰክቶ አንድ ሰዓት ቢሠራ ሶኬቱ ሊቀልጥ ይችላል፤ በበጋ በደረቀ ገጠር እሳት ደግሞ የቤቱ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ያለ ምጣድም ቢሆን 11 ሰው 3 ኪሎዋት አይበቃውም። ፈርን 2.2፣ የውሃ ማፍያ 2፣ ፀጉር ማድረቂያ 1.8፣ ልብስ ማጠቢያ ውሃ በሚያሞቅበት ሰዓት 2 ኪሎዋት ያህል ይወስዳሉ። ከሦስት መኝታ ክፍል በላይ ለሆነ ቪላ ውሉ 6 ኪሎዋት ወይም ከዚያ በላይ መሆኑን በጽሑፍ ጠይቁ። ምድጃው በጋዝ ቢሆን ይሻላል፤ ወጥ ለሚሠራ ቤት ለውጡ ትልቅ ነው።

መብራት ሲጠፋ በመጀመሪያ ቤት ውስጥ ያለውን የቫልቮላ ሳጥን ተመልከቱ። እዚያ የወረደ ከሌለ የቆረጠው ዋናው ቆጣሪ ነው። በገጠር ቤት ቆጣሪው ብዙ ጊዜ ያለው ከግቢው መግቢያ አጠገብ፣ ከቤቱ 100 ሜትርም ርቆ፣ በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ነው። ቁልፉ የት እንዳለ በደረሳችሁበት ሰዓት፣ ገና ሳይመሽ ጠይቁ። አንዱን ከባድ ዕቃ ሳትነቅሉ መልሳችሁ ብታበሩት እንደገና ይወርዳል።

መብራቱ ሲሄድ ውሃውም አብሮ ይሄዳል። ወደ ገጠሩ ቤቶች ሁሉ የቧንቧ ውሃ አይደርስም፤ ብዙዎቹ ከመሬት በታች ጉድጓድ አላቸውና ጉድጓዱን የሚሞላው እኛም በጣሊያንኛው ስሙ የምንጠራው ቦቴ ነው። ውሃውን ወደ ቧንቧ የሚገፋው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። አንድ ሰው በቀን 150 ሊትር ቢጠቀም 11 ሰው 1,650 ሊትር ይጨርሳል፤ 10,000 ሊትር የሚይዝ ጉድጓድ ስድስት ቀን ነው የሚያቆያችሁ። ጉድጓዱ ስንት እንደሚይዝ፣ በመጣችሁ ቀን ሙሉ መሆኑንና የሁለተኛውን ቦቴ ሒሳብ ማን እንደሚከፍል ከወዲሁ ተስማሙ። ማድ ቤትና መጸዳጃ ውስጥ አንዳንድ ባልዲ ውሃ ይቀመጥ። የጉድጓድ ውሃ ለመጠጥ አይደለም፤ ለቡናም የታሸገ ግዙ።

ፍሳሹም የሚገባው ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ነው። እርጥብ መጥረጊያ፣ የሕፃን ዳይፐርና የወጥ ዘይት እዚያ ከገቡ በሦስተኛው ቀን ሻወሩ ወደ ላይ ይተፋል። ድስቱን ከማጠባችሁ በፊት ዘይቱን በወረቀት ጥረጉ።

ከሰሉን በተመለከተ፦ በፑሊያ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 የደን ቃጠሎ አደጋ ወቅት ተብሎ ይታወጃል፤ በጫካ፣ በቁጥቋጦና በግጦሽ ሜዳ ወይም በአቅራቢያቸው እሳት ማንደድ ክልክል ነው። ከወይራው ሥር ከሰል አታያይዙ። በቤቱ የተገነባ የድንጋይ መጥበሻ ካለ ባለቤቱ ከፈቀደ እዚያ ላይ፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት፣ ባልዲ ውሃ አጠገባችሁ ይዛችሁ ይቻላል። ካልተፈቀደ ቡናው በጋዝ ምድጃ ይቆላ።

ጥያቄ፦ ምን ምግብ ይዘን መግባት እንችላለን? ጊዜው ፍልሰታ ላይ ይውላል። (ከለንደን)

መልስ፦ ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ስለወጣች ከለንደን ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ማስገባት ክልክል ነው፤ ቋንጣ፣ አይብና ንጥር ቅቤ ይወሰድባችኋል። ከአዲስ አበባ የሚመጣም እንዲሁ። ቅቤውን በኅብረቱ አገሮች የሚኖሩት ይያዙ። በርበሬ፣ ሽሮና የተቆላ ቡና አያስቸግሩም። አንድ እንጀራ 350 ግራም ገደማ ስለሆነ 60 እንጀራ 21 ኪሎ ይመዝናል፤ አንድ የ23 ኪሎ ሻንጣ ይሞላል። አምስት አምስት እያደረጋችሁ አሽጋችሁ አቀዝቅዙት። ባለቤቱ ተጨማሪ ማቀዝቀዣ እንዳለው ጠይቁ፤ የብዙ ቪላ ፍሪዘር ሁለት መሳቢያ ነው።

ፍልሰታ ኦገስት 7 ገብቶ በ21 ያበቃል። ጣሊያኖች የእመቤታችንን ዕርገት የሚያከብሩት ኦገስት 15 ነው፤ ፌራጎስቶ ይሉታል። በዚያ ቀን ሱቅ ይዘጋል፣ ዳርቻ ይሞላል፣ መንገድ ይጨናነቃል። አስቤዛችሁን ኦገስት 13 ጨርሱ።

ለጾመኛ ፑሊያ የተመቸ አገር ነው። የተላጠ ደረቅ ባቄላ ተቀቅሎ ተፈጭቶ ከዱር ቺኮሪያ ጋር በወይራ ዘይት የሚቀርበው ፋቬ ኤ ቺኮሪዬ የአገሩ ዋና ምግብ ነው። ኦሬኪዬቴ የሚባለው ፓስታም የሚሠራው ከስንዴ ዱቄትና ከውሃ ነው፤ እንቁላል የለውም። ላዩ ላይ ፔኮሪኖ ወይም ሌላ አይብ እንዳይነሰነስበት፣ አንቾቪ የሚባለው ዓሣም መኖር አለመኖሩን ስታዝዙ ተናገሩ።

ጥያቄ፦ የምንከራየው መኪና ምን ዓይነት ይሁን? ባለቤቱ መንገዱ «ቆንጆ የገጠር መንገድ» ነው ብሎናል። (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ ያ ማለት ፒስታ ነው፤ ያውም በሁለቱም ወገን በድንጋይ ካብ የታጠረ፣ ሁለት መኪና የማይተላለፍበት። ባለ 9 መቀመጫ ቫን በተራ መንጃ ፈቃድ ይነዳል፤ ግን በእነዚህ መንገዶች መስታወቱንና ጎኑን ካቡ ይፍቀዋል። ሁለት መለስተኛ መኪና ይሻላል፤ አንዱ ገበያ ሲሄድ ሌላው ለድንገተኛ ነገር ቤት ይቀራል። ጭር ባለ ቦታ ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የኪራዩ ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ ጎማ፣ መስታወትና የመኪናውን ሥር አይሸፍንም፤ በፒስታ ላይ የሚጎዱት ደግሞ እነሱ ናቸው። መለዋወጫ ጎማ መኖሩን ቁልፉን ከመቀበላችሁ በፊት ተመልከቱ። በጣሊያን ታርጋ መኪና ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ መቀመጫው ልጅ ሲረሳ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል፤ ከወንበሩ ጋር አብራችሁ እዘዙ። መያዣው የሚያዘው በነጂው ስም ባለ ክሬዲት ካርድ ነው።

ባለቤቱ የቤቱን ትክክለኛ የጂፒኤስ መጋጠሚያ ቁጥሮች፣ ከዋናው አስፋልት መታጠፊያ እስከ በሩ የተቀረጸ ቪዲዮም ይላክላችሁ። ካርታው ሁልጊዜ አጭሩን መንገድ ነው የሚመርጠው፤ አጭሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠባቡ ነው። ቀን ድረሱ። በድንገተኛ ጊዜ 112 ስትደውሉ የምትናገሩት አድራሻ እነዚያው ቁጥሮች ስለሆኑ በትልቁ ጽፋችሁ ፍሪጁ ላይ ለጥፉ። ከተሞቹ መሃል ስትገቡ ካሜራ ያለበት የተከለከለ ክልል አለ፤ ሰሌዳው «ቫርኮ አቲቮ» ካለ አትግቡ። ቅጣቱ ከወራት በኋላ ቤታችሁ ድረስ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ገንዳው አጥር የለውም። ልጆቹ 3 እና 5 ዓመታቸው ነው። (ከቪየና)

መልስ፦ ሌላ ቤት ፈልጉ። ከፎቶ በላይ የሚያምር ቢሆንም አቋማችን ይኸው ነው። ሕፃን ሲሰምጥ አይጮህም፤ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ በገጠር ቤት አምቡላንስ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ደግሞ ከከተማው ይረዝማል። ራሱ የሚዘጋ በር ያለው አጥር ያለበትን ቤት ምረጡ። ከዚያም በኋላ በየ20 ደቂቃው የሚቀያየር አንድ ትልቅ ሰው ስልክ ሳይዝ ይጠብቅ፤ «ሁላችንም እናያለን» በሚባልበት ቤት የሚያይ የለም። ልጆቹ ከገንዳው ሲወጡ የሚንሳፈፉ መጫወቻዎችን ከውሃው አውጡ፤ ልጁን መልሰው የሚጠሩት እነሱ ናቸው። ጥልቀቱን፣ ከጠርዙ ጀምሮ ቀስ በቀስ እየጠለቀ የሚሄድ መሆኑንም ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ስንወጣ ከመያዣው 300 ዩሮ እንዳይቆረጥብን ምን እናድርግ? (ከሮም)

መልስ፦ የመውጫው ሥራ የሚጀምረው በመግቢያው ቀን ነው። ኤር ኮንዲሽነር ወይም ጋዝ በፍጆታ የሚከፈል ከሆነ የቆጣሪውን ቁጥር በደረሳችሁበት ሰዓት ፎቶ አንሱና ለባለቤቱ በመልእክት ላኩ፤ ስትወጡም እንዲሁ። የተሰነጠቀ ሳህን፣ የተፋቀ ግድግዳ፣ የጎደጎደ ፍራሽ ካለ በመጀመሪያው ቀን አሳውቁ። የከተማው የቱሪስት ግብር በሰውና በሌሊት ይሰላል፤ በጥሬ ገንዘብ ሊጠየቅ ስለሚችል በውሉ ዋጋ ውስጥ መግባት አለመግባቱን አረጋግጡ።

ብዙ ሰው የሚቆረጥበት ግን በቆሻሻ ነው። በገጠሩ ቆሻሻ በዓይነት ተለይቶ፣ በተወሰነለት ቀን፣ በግቢው በር ላይ ይወጣል፤ የምግብ ትርፍራፊ፣ ፕላስቲክ፣ ወረቀት፣ ጠርሙስ እያንዳንዱ የራሱ ባልዲና ቀን አለው። የጊዜ ሠሌዳውን ጠይቁና ቅዳሜ ጠዋት ስለምትወጡ ዓርብ ማታ ምን እንደሚወጣ እዩ። የተቀላቀለ ከረጢት ሰብሳቢዎቹ ትተውት ይሄዳሉ፤ ባለቤቱም ለማስወገጃው ያስከፍላችኋል። ከውሉ በፊት «የማይሰበሰበውን ቆሻሻ የት እናድርስ?» ብላችሁ ጠይቁ።